ወረቀቱ የት ሄደ? የኢትዮጵያና የኬንያ የወረቀት ገቢ ንግድ በአንድ ግራፍ ላይ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሁለተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪዎች የመረጃ ትንተና በማስተምርበት ጊዜ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ከላቦራቶሪ ውጪ ካለው ዓለም አንድ የቁጥር ዝርዝር ፈልጎ በግራፍ እንዲያሳይና ትርጉሙን እንዲያብራራ አዝዤ ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ ይዞት የቀረበው፣ ኢትዮጵያና ኬንያ ከውጭ የሚያስገቡት ወረቀትና ካርቶን በዶላር ተተምኖ ከዓመት ወደ ዓመት ሲለዋወጥ የሚያሳይ ግራፍ ነበር። የኬንያው መስመር ከላይ፣ የእኛው ከታች ሆነው፣ እዚህም እዚያም እየተሰበሩ ሁለቱም ወደ ላይ ይወጣሉ። ተማሪው «ሁለቱም አገሮች በወረቀት አጠቃቀም አድገዋል» ብሎ ደመደመ። ወደ መቀመጫው ከመመለሱ በፊት ግን ጥቂት ቆም ብሎ፣ «መምህር፣ አንድ ነገር አልገባኝም» አለ። «እኔ የተማርሁት ከደባርቅ ወዲያ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ነው። ፈተና የምንፈተነው መምህሩ ጥያቄውን በሰሌዳ ላይ እየጻፈልን፣ እኛም እየገለበጥን ነበር። ወረቀት ጨመረ ከተባለ፣ ወረቀቱ የት ሄደ?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም «ጥሩ ጥያቄ ነው» ከማለት በቀር በዚያች ሰዓት የሚረባ መልስ አልሰጠሁትም። በአንድ በኩል ሽቅብ የሚወጣ መስመር አለ፤ በሌላ በኩል ከሰሌዳ ላይ የሚገለብጥ ተማሪ አለ። ሁለቱም እውነት ከሆኑ፣ ስሕተቱ ያለው ከመስመሩ ተነሥተን በደረስንበት ድምዳሜ ላይ ነው ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሁለት አገሮችን የገቢ ንግድ ዋጋ በጊዜ ሂደት ስናነጻጽር ምን ምን መለየት እንዳለብን ማሳየትና፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ለዚያ ተማሪ መልስ መስጠት ነው።

መሣሪያው የሚለካው ምንድን ነው?

የፊዚክስ ተማሪ የአንድን መሣሪያ ንባብ ከመመዝገቡ በፊት መሣሪያው ምን እንደሚለካ ይጠይቃል። ቴርሞሜትር የሚለካው የራሱን ሙቀት መሆኑን የዘነጋ ሰው፣ ቴርሞሜትሩን ፀሐይ ላይ አስቀምጦ የአየሩን ሙቀት ለካሁ ይላል። የንግድ ስታቲስቲክስም ከዚህ የተለየ አይደለም።

«ወረቀትና ካርቶን» የሚለው ስም በተለያዩ መዝገቦች የተለያየ ነገር ይይዛል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) የደን ውጤቶችን ምርትና ንግድ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ ይመዘግባል። በዚህ መዝገብ ወረቀትና ካርቶን ሲባል የጋዜጣ ወረቀት፣ የመጻፊያና የማተሚያ ወረቀት፣ የማሸጊያ ወረቀትና ካርቶን እንዲሁም የመጸዳጃ ወረቀትና የመሳሰለው ማለት ነው። ተሠርተው ያለቁ ዕቃዎች ግን፣ ማለትም ሣጥኖች፣ መጻሕፍትና መጽሔቶች፣ አይቆጠሩበትም። በሌላ በኩል የዓለም አገሮች የጉምሩክ መሥሪያ ቤቶች እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ የሚሠሩበት የተጣጣመ የዕቃዎች አመዳደብ ሥርዓት ወረቀትን በምዕራፍ 48 ይመድባል። በዚህ ምዕራፍ ውስጥ የተማሪ ደብተርና የካርቶን ሣጥንም ይገባሉ። ፐልፕ የተባለው የእንጨት ድፍድፍና ያገለገለ ወረቀት በምዕራፍ 47፣ የታተሙ መጻሕፍትና ጋዜጦች ደግሞ በምዕራፍ 49 ይመዘገባሉ።

ይህ ልዩነት የመዝገብ ቤት ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አንድ አገር የተማሪ መጽሐፍ የሚሆን ወረቀት አስገብቶ በራሱ ማተሚያ ቤት ቢያትም ግዥው በምዕራፍ 48 ይታያል። ያንኑ መጽሐፍ በውጭ አገር አሳትሞ ቢያስገባ ግን ወረቀቱ ወደ ምዕራፍ 49 ይሻገራል፤ ከ«ወረቀትና ካርቶን» መስመርም ይጠፋል። በአገራችን ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ መርሐ ግብር ብዙ የተማሪ መጻሕፍት በዓለም አቀፍ ጨረታ በውጭ አገር ታትመው ገብተዋል። እንዲህ ባለ ዓመት የወረቀት መስመሩ ባይነቃነቅ እንኳ በልጆች እጅ የገባው ወረቀት ጨምሮ ሊሆን ይችላል። እንደዚሁም በአዳማ አቅራቢያ የሚገኘው የወንጂ የወረቀት ፋብሪካ ለአሥርት ዓመታት የሠራው በዋነኛነት ከውጭ በሚገባ ፐልፕና ባገለገለ ወረቀት ነው። ፋብሪካው በርትቶ በሠራ ቁጥር ግዥው ከምዕራፍ 48 ወደ ምዕራፍ 47 ያዘነብላል።

ሌላም መታወስ ያለበት ነገር አለ። ወረቀት ሲባል በአእምሯችን የሚመጣው ደብተርና መጽሐፍ ነው። ይሁን እንጂ በዛሬው ዓለም ከሚመረተው ወረቀትና ካርቶን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለማሸጊያ ይውላል። ኬንያም ሆነች ኢትዮጵያ አበባቸውን ወደ ኤውሮፓ የሚልኩት በካርቶን አሽገው ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 የፕላስቲክ ከረጢት ስታግድ ለወረቀት ማሸጊያ አዲስ ገበያ ተከፍቷል። ስለዚህ የመስመሩ ማደግ የአንባቢን ሳይሆን የአበባን፣ የሳሙናንና የብስኩትን ገበያ ማደግ የሚያመለክት ሊሆን ይችላል። ከውጭ የገባው ካርቶን ከፊሉም አበባውን አቅፎ ተመልሶ ከአገር ይወጣል።

ሦስት ነገሮች በአንድ ቁጥር ውስጥ

አሁን ወደ ቁጥሩ ውስጣዊ አሠራር እንግባ። የአንድ አገር የወረቀት ገቢ ንግድ ዋጋ የሦስት መጠኖች ብዜት ነው፤ ይኸውም፦

ጠቅላላ ዋጋ = የሕዝብ ብዛት × የነፍስ ወከፍ ኪሎግራም × የአንድ ኪሎግራም ዋጋ

የመለኪያ አሐዶቹን ብንመለከት «ሰው» ከ«ሰው»፣ «ኪሎግራም» ከ«ኪሎግራም» ይጣፋና በመጨረሻ «ዶላር» ብቻ ይቀራል። ተማሪው በግራፉ ላይ ያየው ዶላሩን ነበር። ሊያውቅ የፈለገው ግን መካከለኛውን መጠን፣ ማለትም የነፍስ ወከፍ ኪሎግራሙን ነበር። ከሦስቱ ተባዢዎች አንዱ ሲያድግ ሌላው ሊቀንስ እንደሚችል በምሳሌ እንመልከት። የሚከተሉት አገሮችም ሆኑ ቁጥሮቻቸው ለስሌት ሲባል የታሰቡ ናቸው።

አገር «ሀ»፦ በመጀመሪያው ዓመት 40 ሚሊዮን ሕዝብ አላት፤ በቶን 500 ዶላር እየከፈለች የ20 ሚሊዮን ዶላር ወረቀት ታስገባለች። ይህ 40,000 ቶን፣ ማለትም ለአንድ ሰው 1 ኪሎግራም ነው። በመጨረሻው ዓመት ሕዝቧ 75 ሚሊዮን፣ የወረቀት ዋጋ በቶን 1,000 ዶላር፣ ግዥዋ 60 ሚሊዮን ዶላር ሆኗል። ይህ 60,000 ቶን፣ ማለትም ለአንድ ሰው 0.8 ኪሎግራም ነው።

አገር «ለ»፦ በመጀመሪያው ዓመት 20 ሚሊዮን ሕዝብ አላት፤ በቶን 600 ዶላር እየከፈለች የ60 ሚሊዮን ዶላር ወረቀት ታስገባለች። ይህ 100,000 ቶን፣ ማለትም ለአንድ ሰው 5 ኪሎግራም ነው። በመጨረሻው ዓመት ሕዝቧ 30 ሚሊዮን፣ ዋጋው በቶን 1,000 ዶላር፣ ግዥዋ 150 ሚሊዮን ዶላር ሆኗል። ይህም 150,000 ቶን፣ ማለትም አሁንም ለአንድ ሰው 5 ኪሎግራም ነው።

እንግዲህ «በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው ልዩነት ሰፋ ወይስ ጠበበ?» ተብለን ብንጠየቅ ምን እንመልሳለን? ልዩነቱን በመቀነስ ያሰላ ሰው ከ40 ሚሊዮን ወደ 90 ሚሊዮን ዶላር አድጓልና «ሰፋ» ይላል። በማካፈል ያሰላ ሰው ግን ቀድሞ «ለ» የ«ሀ»ን ሦስት እጥፍ ትገዛ እንደ ነበርና አሁን ሁለት ተኩል እጥፍ ብቻ እንደምትገዛ አይቶ «ጠበበ» ይላል። በኪሎግራምና በሰው ያሰላ ሰው ደግሞ ቀድሞ አምስት እጥፍ የነበረው አሁን ከስድስት እጥፍ በላይ መሆኑን አይቶ «ሰፋ» ይላል። ሦስቱም ስሌታቸው ትክክል ነው። የመለሱት ግን ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን ነው። ከሁሉ የሚያስገርመው፣ የ«ሀ» ግዥ በዶላር ሦስት እጥፍ ባደገበት ዘመን የእያንዳንዱ ዜጋ ድርሻ በአምስት እጅ አንድ እጅ መቀነሱ ነው።

የሠላሳ ዓመቱ ቆሞ መሄድ

ከታሰቡት አገሮች ወደ እውነተኞቹ እንመለስ። በኬንያ ሕዝብ ቆጠራ መሠረት የአገሪቱ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1989 ወደ 21.4 ሚሊዮን፣ በ2019 ደግሞ ወደ 47.6 ሚሊዮን ነበር። በሠላሳ ዓመት 2.2 እጥፍ ሆኗል ማለት ነው። ዶላሩም ራሱ እንደ ጎማ ሜትር የሚሳሳብ መስፈሪያ ነው። በአሜሪካ የሸማቾች ዋጋ መለኪያ ሲሰላ፣ በ1989 በአንድ ዶላር ይገዛ የነበረውን ዕቃ በ2019 ለመግዛት ከሁለት ዶላር ትንሽ ከፍ ያለ ገንዘብ ያስፈልግ ነበር። የወረቀት ዋጋ ከዚህ አጠቃላይ ግሽበት ጋር እኩል ሄደ ብለን ብንወስድና እያንዳንዱ ኬንያዊ በ2019 የተጠቀመው ከውጭ የገባ ወረቀት በ1989 ከነበረው አንዲት ሉክ እንኳ አልጨመረም ብንል፣ የገቢ ንግዱ ዋጋ ስንት እጥፍ ይሆናል? 2.2 በ2.06 ሲባዛ 4.5 ገደማ ይሆናል።

ይህ ውጤት ቆም ብሎ የሚያሳስብ ነው። በግራፉ ላይ አራት ተኩል እጥፍ ያደገ መስመር ስናይ «ታላቅ ዕድገት» ማለታችን አይቀርም። በነፍስ ወከፍ ሲታይ ግን አገሪቱ ባለችበት ቆማ ይሆናል። ለኢትዮጵያም ተመሳሳዩን ስሌት መሥራት ይቻላል። በ1987 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1994) ቆጠራ 53.5 ሚሊዮን፣ በ1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2007) ቆጠራ ደግሞ ወደ 73.8 ሚሊዮን ሕዝብ ተቆጥሯል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የዶላር ግሽበት 1.4 እጥፍ ገደማ ነበር። ስለዚህ በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ ወደ ሁለት እጥፍ የተጠጋ የዋጋ ዕድገት የሚያሳየው ቆሞ መሄድን ብቻ ነው። እውነተኛ መሻሻል የሚባለው ከዚያ በላይ ያለው ትርፍ ነው።

እዚህ ላይ የልኬት ስሕተትን ጉዳይ ማንሣት ተገቢ ነው። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ በኢትዮጵያ አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ አልተካሄደም፤ አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተላልፏል። በመሆኑም ዛሬ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነው የሚባለው ሕዝብ የግምት ውጤት ነው። አካፋዩ ግምት ከሆነ ድርሻውም ግምት ነው። በላቦራቶሪ እንደምናደርገው ከቁጥሩ ጎን የስሕተት ወሰኑን መጻፍ ይገባል።

ስብራቶቹ ምን ይናገራሉ?

በሁለቱ መስመሮች ላይ የሚታዩት ድንገተኛ መነሣትና መውደቅ አብዛኛውን ጊዜ ታሪክ አላቸው። አራቱን እንጥቀስ።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. የ1993 ስብራት ነው። በዚያ ዓመት ኤርትራ ነፃ አገር በመሆኗ፣ ከዚያ በፊት «ኢትዮጵያ» ተብሎ የተመዘገበውና ከዚያ በኋላ «ኢትዮጵያ» ተብሎ የተመዘገበው አንድ አገር አይደለም። የፋኦ መዝገብም ሁለቱን በተለያየ ስም ይለያቸዋል። ሁለቱን መስመሮች አስተያይቶ ያልቀጠለ ሰው፣ የወረቀት መቀነስ በሌለበት መቀነስን ሊያይ ይችላል።

ሁለተኛው የዋጋ ማዕበል ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የፐልፕ ዋጋ በዓለም ገበያ በቶን ከ900 ዶላር በላይ ደርሶ በቀጣዩ ዓመት በከፍተኛ ፍጥነት ወደቀ። በ2021 ደግሞ ማዕበሉ የመጣው ከመርከብ ኪራይ ነው። በዓለም ዋና ዋና የባሕር መስመሮች የአንድ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር አማካኝ ኪራይ በ2019 ከ1,500 ዶላር በታች ነበር፤ በመስከረም 2021 ከ10,000 ዶላር አልፏል። አንድ ኮንቴይነር 25 ቶን ያህል ወረቀት ይይዛል ብንል፣ የአንድ ቶን የማጓጓዣ ድርሻ ከ60 ዶላር በታች ከነበረበት ወደ 400 ዶላር ወጣ ማለት ነው። የገቢ ንግድ ዋጋ የሚመዘገበው የማጓጓዣንና የመድንን ወጪ ጨምሮ ስለሆነ፣ በዚያ ዓመት ከተመዘገበው ዶላር ከፊሉ ወረቀት ሳይሆን የባሕር ጉዞ ነው። ኬንያ የሞምባሳ ወደብ ባለቤት ስትሆን ኢትዮጵያ ግን ከ1993 ወዲህ የባሕር በር የላትም፤ ከ1998ቱ ጦርነት በኋላም ዕቃዋ በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል ይገባል። ስለዚህ የሁለቱ አገሮች አንድ ዶላር እኩል ወረቀት አይገዛም።

ሦስተኛው የፋብሪካ ጉዳይ ነው። በምዕራብ ኬንያ በዌቡዬ ከተማ የነበረው የፓን አፍሪካ የወረቀት ፋብሪካ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከአገሪቱ የጥድና የባሕር ዛፍ ተክል ወረቀት ያመርት ነበር፤ በምሥራቅ አፍሪካም ትልቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 በዕዳ ምክንያት ተዘጋ፤ በ2016 ለሌላ ባለሀብት ተላለፈ። አንድ ትልቅ የአገር ውስጥ ፋብሪካ ሲዘጋ ሕዝቡ የሚጠቀመው ወረቀት ባይጨምርም፣ ቢቀንስም እንኳ፣ የገቢ ንግዱ ይጨምራል። በግራፉ ላይ ዕድገት የሚመስለው ነገር በእውነቱ ሥራ ያጡ ሠራተኞች ታሪክ ሊሆን ይችላል። ከዚህ የምንረዳው ፍጆታን ለማወቅ የገቢ ንግድ ብቻ አይበቃም፤ የአገር ውስጥ ምርትን መደመር፣ ወደ ውጭ የተላከውን መቀነስ ያስፈልጋል።

አራተኛው የውጭ ምንዛሪ ነው። በኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት አስመጪው የሚያስገባው የፈለገውን ያህል ሳይሆን ባንክ የፈቀደለትን ያህል ነበር። ወረቀት ከመድኃኒት፣ ከነዳጅና ከማዳበሪያ ጋር ተሰልፎ ተራውን ይጠብቅ ነበር። ስለዚህ የእኛ መስመር ዝቅ ብሎ ሲታይ «ኢትዮጵያውያን ወረቀት አልፈለጉም» ተብሎ መነበብ የለበትም። የፍላጎት ልኬት ሳይሆን የተፈቀደው ዶላር ልኬት ነው።

ግራፉን እንዴት እንሳለው?

የሚበዙትንና የሚካፈሉትን መጠኖች ለማነጻጸር ከተራው ግራፍ ይልቅ ቋሚው ዘንግ በሎጋሪዝም የተከፋፈለ ግራፍ ይመረጣል። የአሲድን መጠን በፒኤች የለካ ተማሪ ይህ ሚዛን እንግዳ አይሆንበትም፤ እያንዳንዱ እርምጃ መደመር ሳይሆን ማባዛት ነው። በተራው ግራፍ ላይ ከ20 ወደ 40 ሚሊዮን የተደረገ ዕድገት ከ200 ወደ 400 ሚሊዮን ከተደረገው አንጻር ኢምንት ይመስላል። በሎጋሪዝም ሚዛን ግን ሁለቱም «እጥፍ» ስለሆኑ እኩል ርቀት ይይዛሉ። ትልቁ መስመር ትንሹን አይውጠውም።

ሎጋሪዝም ሌላም ጥቅም አለው። ብዜትን ወደ ድምር ይለውጣል። ስለዚህ የጠቅላላው ዋጋ ዓመታዊ የዕድገት ምጣኔ፣ የሕዝብ፣ የነፍስ ወከፍ ኪሎግራምና የዋጋ ዕድገት ምጣኔዎች ድምር ይሆናል። በኬንያው ምሳሌያችን ሕዝቡ በዓመት በ2.7 በመቶ፣ የዶላር ግሽበት በ2.4 በመቶ ገደማ አድገዋል። ድምሩ 5.1 በመቶ ነው። 70ን ለዚህ ቁጥር ብናካፍል 14 ገደማ እናገኛለን፤ ይህም መጠኑ እጥፍ ለመሆን የሚፈጅበት የዓመት ብዛት ነው። (70 የመጣው የ2 ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም 0.693 በመሆኑ ነው።) እንግዲህ በየ14 ዓመቱ እጥፍ የሚሆን የወረቀት መስመር ያየ ሰው መጀመሪያ ሊያስበው የሚገባው፣ ለአንድ ሰው የደረሰው ነገር ሳይለወጥ እንዳልቀረ ነው።

የመነሻ ዓመት ምርጫም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለምሳሌ 1983 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1991) በአገራችን የመንግሥት ለውጥ የተደረገበትና ንግድ የተናጋበት ዓመት ነው። እንዲህ ያለውን ዓመት «መቶ» ብሎ ከዚያ የተነሣ ሰው፣ የተለመደው ኑሮ መመለሱን ብቻ እንደ ተአምራዊ ዕድገት ሊያቀርበው ይችላል። ስለዚህ በመነሻም በመድረሻም የሦስት ወይም የአምስት ዓመት አማካኝ መውሰድ ይበጃል።

ከጎንደር ሲታይ

ጎንደር የነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን መጽሐፍ የሚጻፈው በብራና ላይ ነበር። ጸሐፊው አንድን መጽሐፍ ለመጀመር ሲያስብ አስቀድሞ የሚያሰላው ስንት የፍየል ቆዳ እንደሚያስፈልገው ነው፤ ከአንድ ቆዳ የሚወጣው ጥቂት ቅጠል ብቻ ነውና። የገንዘብ ዋጋ ቢለዋወጥም የቆዳው ቁጥር አይለወጥም። እኛም ከዶላሩ ወርደን ወደ ዕቃው ብንመለስ ስሌታችን ይጠራል።

የተለመደው የማተሚያ ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ይመዝናል። አንድ የኤ4 ሉክ የካሬ ሜትር አንድ አሥራ ስድስተኛ ስለሆነ ክብደቱ 5 ግራም ነው። ባለ 500 ሉኩ እሽግ 2.5 ኪሎግራም፣ አንድ ቶን ወረቀት ደግሞ 400 እሽግ ወይም 200,000 ሉክ ይሆናል። ባለ 50 ሉክ የተማሪ ደብተርም ወረቀቱ ቀጠን ስለሚል ወደ 100 ግራም ይመዝናል። ለአንድ ተማሪ በዓመት አሥር ደብተር ብንመድብ 1 ኪሎግራም ነው፤ ለአንድ ሚሊዮን ተማሪዎች 1,000 ቶን።

አሁን የዚያን ተማሪ ክፍል እናስብ። በክፍሉ 60 ተማሪዎች፣ በዓመት ሁለት ማጠቃለያ ፈተናዎች፣ ስምንት የትምህርት ዓይነቶች ቢኖሩና ለእያንዳንዱ ፈተና ሁለት ሉክ ቢያስፈልግ፣ በድምሩ 1,920 ሉክ ይሆናል። አራት እሽግ ማለት ነው፤ ክብደቱም 10 ኪሎግራም፣ አንድ ሰው በትከሻው ተሸክሞት ከደባርቅ ገበያ የሚወጣው። በቶን 1,000 ዶላር ብንተምነው 10 ዶላር ነው። ይህ 10 ዶላር እስከ 1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ፣ አንድ ዶላር በ2.07 ብር ይመነዘር በነበረበት ጊዜ፣ 21 ብር ያህል ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት 570 ብር ገደማ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ፣ ዶላሩ ከ120 ብር ሲያልፍ፣ ከ1,200 ብር በላይ ሆነ። ቀረጡ፣ ከጅቡቲ እስከ መሀል አገር፣ ከዚያም ከ700 ኪሎሜትር በላይ ተጉዞ ጎንደር፣ ከጎንደርም መቶ ኪሎሜትር ያህል ወጥቶ ደባርቅ ለመድረስ የሚከፈለው የጭነት ዋጋና የነጋዴው ትርፍ ገና አልተደመሩም። በዶላር ግራፍ ላይ ይህ አሥር ዶላር ያው አሥር ዶላር ነው። በትምህርት ቤቱ ሣጥን ግን ስድሳ እጥፍ ከብዷል።

የፈተና ጥያቄ በሰሌዳ ላይ ሲጻፍ የሚጎድለው ወረቀት ብቻ አይደለም። ዓይኑ የደከመ፣ ከኋላ የተቀመጠ ወይም እጁ የዘገየ ልጅ ከዕውቀቱ በፊት በመገልበጥ ፍጥነቱ ይፈተናል። ይህም የልኬት ስሕተት ነው፤ መሣሪያው የሚለካው ሌላ ነገር ሆኗልና።

እንግዲህ ወረቀቱ የት ሄደ? ከፊሉ መጀመሪያውንም ወረቀት አልነበረም፤ የዋጋ ግሽበትና የመርከብ ኪራይ ነበር። ከፊሉ በየዓመቱ ለሚጨምረው ሕዝብ ተከፋፍሎ ሳሳ። ከፊሉ ካርቶን ሆኖ አበባና ሳሙና ታሸገበት። ከፊሉም ከተማ ላይ፣ ዋጋውን የሚችል ባለበት ቀረ፤ የአገር አማካኝ ደግሞ ከተማንና ገጠርን አይለይም። የቀረው ከደባርቅ ወዲያ ለመድረስ አልበቃም።

ለአንባብያን የምንተወው የቤት ሥራ የሚከተለው ነው። ሁለት አገሮችንና ከውጭ የሚገዙትን አንድ ዕቃ ምረጡ፤ ስንዴ፣ ነዳጅ ወይም መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ከዚያም፦

1. መዝገቡ በስሙ ሥር ምን ምን እንደሚቆጥርና ምን እንደሚተው አረጋግጡ።
2. የዶላሩን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የቶኑን ብዛት ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ አንዱን ለሌላው በማካፈል የአንድ ቶን ዋጋ እንዴት እንደ ተለዋወጠ ተመልከቱ።
3. ለሕዝብ ብዛት አካፍሉ፤ የቆጠራውን ዓመትም ጻፉ።
4. የአገር ውስጥ ምርትን ደምሩ፤ ወደ ውጭ የተላከውን ቀንሱ።
5. በሎጋሪዝም ሚዛን ሳሉ፤ በእያንዳንዱ ስብራት ላይ ምክንያቱን በአጭሩ ጻፉበት።

ይህን የሠራ ተማሪ «ማን በለጠ?» ለሚለው ጥያቄ ምናልባት አጭር መልስ አያገኝም። ነገር ግን የአንዲት ክፍል የዓመት ፈተና ከአራት እሽግ ወረቀት እንደማይበልጥ፣ ያ አራት እሽግ ምን ያህል መንገድ ተጉዞ ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል። ግራፉን ይዞ ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ሲገባም የሚጠይቀውን ነገር በኪሎግራም ቆጥሮ መጠየቅ ይችላል።